«ዕድል» ወይስ «ተመን»? የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውርርድ ስያሜዎች በአማርኛ

1. መነሻ

በቅርቡ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ በአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ላይ ስለሚደረግ ውርርድ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መምሪያ ነው። ተርጓሚው በቋንቋ ችሎታው የሚታማ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩ የሰመረ፣ ሥርዓተ ነጥቡም የተጠበቀ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «የቡድን ሀ ዕድል 1.40፣ የቡድን ለ ዕድል 3.00 ነው» የሚል ቃል አገኘን። ይህን የሚያነብ ሰው ያለ ጥርጥር የሚረዳው የቡድን ለ የማሸነፍ ዕድል ከቡድን ሀ ዕድል በእጥፍ እንደሚበልጥ ነው። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። 3.00 የተጻፈለት ቡድን ይሸነፋል ተብሎ የተገመተው ነው።

ስሕተቱ የአንድ ተርጓሚ ብቻ አይደለም። «ዕድል» የሚለው ስያሜ በየቦታው የሚሠራበት በመሆኑ ረቂቁ የተለመደውን ደገመ እንጂ አዲስ ጥፋት አልፈጠረም። በሌላ የሙያ መስክ የተሳሳተ ስያሜ ተማሪን ያደናግራል፤ በዚህ መስክ ግን ኪስን ያራቁታል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ ከሥር መሠረታቸው ለማስረዳትና ለየጽንሰ ሐሳቡ የሚስማማውን የአማርኛ ቃል ለመጠቆም እንሞክራለን።

ለመሆኑ ቋንቋ አጥኚ ለቁማር ቃላት ምን አስጨነቀው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። ለበሽታ ስም የሚያወጣ ሐኪም በሽታውን ወደደው አይባልም፤ እንዲያውም ስሙ የጠራ በሽታ ለመከላከልም ይቀላል። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የስፖርት ውርርድ በአገራችን ከተሞች ተስፋፍቷል፤ በእጅ ስልክም ወደ ገጠር ዘልቋል። ነገሩ ከቃሉ ቀድሞ ደርሷልና ቃሉን ማዘግየት ጥቅም የለውም።

ስያሜን የምንመዝንበት አንባቢም ከወዲሁ ይታወቅ። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በከላላ ተወልዶ ያደገ፣ ለትምህርት ወደ መካነ ሰላም የወጣ አንድ ወጣት በሐሳባችን እንያዝ። መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ያለባት ከተማ ናትና «ኮሌጅ» የሚለው ቃል ለዚህ ወጣት እንግዳ አይሆንበትም። ስለ ገበያ፣ ስለ ቁና፣ ስለ ስፍርና ስለ ምርቃት ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። የምንመርጠው ቃል ይህ ወጣት በሚያውቀው ነገር ላይ የማይቆም ከሆነ በመዝገበ ቃላት ቢሰፍርም ሥራ ላይ አይውልም።

2. አስቀድመው ያሉን ቃላት

አማርኛ በዚህ መስክ ባዶ እጁን አይደለም። የጨዋታውን ስም ብንወስድ «ቅርጫት ኳስ» ከእግር ኳስ፣ ከእጅ ኳስና ከመረብ ኳስ ጋር አንድ ወጥ ቤተሰብ የሠራ የተሳካ ስያሜ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲፈጥር ኳሱ የሚገባው በእውነተኛ የፍራፍሬ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ቅርጫቱ በብረት ቀለበትና በመረብ ከተተካ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የአማርኛው ቃል የመነሻውን ታሪክ ይዞ ቀርቷል።

«ቁማር» የዐረብኛ ምንጭ ያለው ቃል ነው። ከዚያ ቋንቋ ይዞት የመጣው የነቀፋ ስሜትም አልተለየውም፤ እስላሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ በሚኖርበት በወሎ ደጋ «ቁማርተኛ» መባል በሁለቱም ዘንድ ነውር ነው። የቁማር ግሦችም ለብቻቸው ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው። ያሸነፈ «በላ»፣ የተሸነፈ «ተበላ» ይባላል። በሌላው ስፖርት የተሸነፈ ሰው ግን አይበላም። ተናጋሪው ሕዝብ ቁማር ከጨዋታነቱ ይልቅ ሀብት ከአንዱ ጉሮሮ ወደ ሌላው የሚያልፍበት መንገድ መሆኑን በግሡ መዝግቦታል ማለት ይቻላል።

«ሎተሪ» እና «ቶምቦላ» ከጣልያንኛ የገቡ ናቸው። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ «ሎተሪ» ከማንኛውም የአገር ውስጥ ቃል ባልተናነሰ ሥር ሰድዷል። የስፖርት ውርርድም ፈቃድ ሲሰጠው የቆየው በዚሁ በሎተሪ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኩል በመሆኑ በሕግ ቋንቋ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሆነዋል። በባሕርያቸው ግን ይለያያሉ። በሎተሪ ዕጣው ይወጣል፤ ቁጥሩን ማንም አስቀድሞ አይገምተውም። በስፖርት ውርርድ ግን አስቀድሞ ገምቶ ዋጋ የሚያወጣ አንድ አካል አለ። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«ውርርድ» ከሁሉ የሚበልጥ ታሪክ ያለው ቃል ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ተሟጋቾች የነገራቸውን እውነትነት ለማስረገጥ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር። ውርርዱ በሁለት እኩል ተሟጋቾች መካከል የሚደረግ ሲሆን ዳኛው በመካከላቸው ይቆማል፤ የተረታው ወገን ውርርዱን ይከፍላል። ቃሉ በቅርጹ «ሒሳብ አወራረደ» ከምንለው ግሥ ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የሁለት ወገን ሚዛን እኩል የማድረግ ሐሳብ አለ። ስለዚህ «ውርርድ» ስንል በአማርኛ ጆሮ የሚሰማው የሁለት ሰዎች ፊት ለፊት መያያዝ ነው። የዘመኑ የስፖርት ውርርድ ግን እንደዚህ ያለ አለመሆኑን ቁጥሮቹ ያሳዩናል።

3. ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በአገራችን የተለመደው አጻጻፍ በነጥብ የተለየ ቁጥር ነው። 1.40 ማለት አንድ ብር ላስያዘ ሰው፣ ግምቱ ከሠመረ፣ አንድ ብር ከአርባ ሳንቲም ይመለስለታል ማለት ነው። መቶ ብር ያስያዘ 140 ብር ይቀበላል፤ ከዚህ ውስጥ 100 ብሩ የራሱ ገንዘብ ስለሆነ ትርፉ 40 ብር ብቻ ነው። 3.00 በተጻፈለት ቡድን ላይ መቶ ብር ያስያዘ ደግሞ 300 ብር ይቀበላል፤ ትርፉም 200 ብር ነው። ግምቱ ካልሠመረ በሁለቱም በኩል መቶው ብር ይበላል።

በአሜሪካ አጻጻፉ ሌላ ነው። ማሸነፉ በተገመተው ቡድን ፊት የመቀነስ ምልክት፣ መሸነፉ በተገመተው ፊት የመደመር ምልክት ይጻፋል። −250 ማለት መቶ ለማትረፍ 250 ማስያዝ ያስፈልጋል ማለት ነው። +200 ማለት ደግሞ መቶ ያስያዘ 200 ያተርፋል ማለት ነው። ልብ ብሎ ላየው −250 እና 1.40 አንድ ናቸው፤ +200 እና 3.00ም እንዲሁ። ተርጓሚ የአሜሪካን መምሪያ ሲተረጉም ቁጥሩንም ወደ አገራችን አጻጻፍ መለወጥ ይገባዋል እንላለን። ኪሎ ሜትር ለለመደ አንባቢ ማይልን እንዳለ አንተወውምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቁጥሩ ስንት ያህል የመሆን ዕድል እንዳዘለ ለማወቅ መቶን ለቁጥሩ ማካፈል ይበቃል። 100 ለ1.40 ሲካፈል 71.43 ይሆናል፤ 100 ለ3.00 ሲካፈል 33.33 ይሆናል። ስለዚህ ቡድን ሀ ከመቶ 71.43፣ ቡድን ለ ከመቶ 33.33 የማሸነፍ ዕድል ተሰጥቷቸዋል ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕድሉ ያንሳል። ቁጥሩንና ዕድሉን በአንድ ቃል መጥራት ከፍታንና ጥልቀትን በአንድ ቃል እንደ መጥራት ይቆጠራል።

ነገር ግን በዚህ አያበቃም። በቅርጫት ኳስ እኩል ለእኩል መለያየት የለም፤ ነጥቡ እኩል ከሆነ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጥና አሸናፊው ይለያል። ከሁለቱ አንዱ የግድ ስለሚያሸንፍ የሁለቱ ዕድል ድምር መቶ ሊሆን ይገባ ነበር። 71.43 እና 33.33 ግን ሲደመሩ 104.76 ይሆናሉ። የ4.76 ትርፍ ከየት መጣ?

የከላላው ወጣት ይህን ለመረዳት የሒሳብ መምህር አያሻውም። በገበያ ላይ በሞላ ቁና ተቀብሎ በጎደለ ቁና የሚሰፍር ነጋዴን ያውቃል። እህሉ ያው እህል፣ ቁናው ያው ቁና ነው፤ ትርፉ የተገኘው ከአሰፋፈሩ ነው። አቋማሪውም ድርጅት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በቡድን ሀ ላይ 7,143 ብር፣ በቡድን ለ ላይ 3,333 ብር ተይዟል እንበል። በጠቅላላ የገባው 10,476 ብር ነው። ቡድን ሀ ቢያሸንፍ የሚከፈለው 10,000 ብር ያህል ነው፤ ቡድን ለ ቢያሸንፍም የሚከፈለው ያው 10,000 ብር ያህል ነው። ማንም ያሸንፍ ማን 476 ብር በቤቱ ይቀራል። በእርግጥ ገንዘቡ ሁልጊዜ በዚህ ልክ ተመጣጥኖ አይገባም፤ የቤቱ ሥራ ግን ቁጥሮቹን ከፍና ዝቅ እያደረገ ወደዚህ ማቅረብ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚገልጸው የቡድኖቹን አቅም ብቻ ሳይሆን የገንዘቡን አገባብና የቤቱን ትርፍ ጭምር ነው።

4. «ዕድል» ለምን አይሆንም? «ተመን» ለምን ይሆናል?

«ዕድል» በአማርኛ ባለቤት የሌለው ነገር ነው። «ዕድል ፈንታው ነው» ሲባል ማንም ሰው አይጠየቅም፤ ጉዳዩ ከሰው እጅ የወጣ ነው። ሕጋችንም ሎተሪንና መሰሎቹን «የዕድል ሙከራ» ሲል በተገቢው ቦታ ተጠቅሞበታል፤ በዚያ አገባብ ዕድል የሚሞከር እንጂ የሚከፈል ነገር አይደለምና። የውርርዱን ቁጥር «ዕድል» ብንለው ግን ሁለት ጥፋቶች በአንድ ጊዜ እንፈጽማለን። አንደኛ፣ ከላይ እንዳየነው፣ ትልቁን ቁጥር ትልቅ ዕድል አስመስለን አንባቢውን ወደ ተቃራኒው እንመራዋለን። ሁለተኛ፣ በሰው ስሌት የወጣውን ዋጋ ከሰማይ የወረደ እናስመስለዋለን። በአንድ ግጥሚያ ላይ 3.00 የሚል ቁጥር ያስቀመጠ ሰው አለ፤ ያስቀመጠውም ለራሱ እንዲያተርፍ አድርጎ ነው። «ዕድል» የሚለው ቃል ይህን ሰው ይሰውረዋል።

«ግምት» ከዚህ ይሻላል። የስፖርት ጋዜጠኞቻችንም «ቅድመ ግምት የተሰጠው ቡድን» የሚል የጠራ አነጋገር አላቸው። ሆኖም ገማች ባይሠምርለት የሚያጣው ነገር የለም፤ በግምቱ ውስጥም ትርፍ አይደብቅም። «ዋጋ» የንግዱን ጠባይ ያሳያል፤ ነገር ግን ሰው ለትኬቱ ከሚያስይዘው ገንዘብ ጋር ይጋጫል። «ምጣኔ» በሒሳብ ረገድ ትክክል ቢሆንም አዋቂ እንጂ ጀማሪ የማይይዘው ቃል ነው። በወጣቶች አፍ የሚነገረው «ኦድ» ደግሞ በተግባር የገባ የውሰት ቃል ስለሆነ መዝገበ ቃላት ሊያሰፍረው ይገባል፤ ይሁንና ለማያውቀው አንባቢ ምንም የማያስረዳ ድምፅ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ «ተመን» የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን። «ተመነ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍቾችን በአንድ ላይ ይዟል፤ አንዱ መገመት፣ ሌላው ዋጋ መቁረጥ ነው። ቤት የሚተምን ሰው ቤቱን ይገምታል፤ ገምቶም ዋጋውን ይወስናል። የውርርዱ ቁጥርም በትክክል ይህ ነው፤ ግምት የተደባለቀበት ዋጋ። ከዚህም በላይ ተመን ሁልጊዜ ተማኝ አለው። «የዋጋ ተመን» ሲባል የሰማ የከላላ ገበሬ ወዲያው «ማን ተመነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጀማሪው እንዲጠይቅ የምንፈልገውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ተመን የመንግሥትን የዋጋ ቁጥጥር ያስታውሳልና ለግል ድርጅት አይስማማም የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ይህ ግን ለኛ ሐሳብ ድጋፍ እንጂ እንቅፋት አይሆንም። በገበያ ገዢና ሻጭ ይከራከራሉ፤ በተመን ግን ክርክር የለም። ደንበኛው የአቋማሪውን ቁጥር ይቀበላል ወይም ይተዋል እንጂ አያስቀንስም። ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ ተመኑ ሊለወጥ ይችላል፤ ትኬት ለቆረጠው ሰው ግን በቆረጠበት ሰዓት የነበረው ይጸናል። ስለዚህ «የውርርድ ተመን» ወይም በአጭሩ «ተመን» እንዲባል፣ መቶን ለተመኑ በማካፈል የሚገኘውም «ተመኑ ያዘለው ዕድል» እንዲባል አሳባችንን እናቀርባለን። በዚህም «ዕድል» ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመለሳል።

5. የነጥብ ማካካሻ

የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውርርድ ዋናው ችግር የቡድኖቹ አቅም እጅግ የተራራቀ መሆኑ ነው። ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ከትንሽ ኮሌጅ ጋር ሲገጥም ማን እንደሚያሸንፍ የሚከራከር ስለማይኖር የሚወራረድም አይኖርም። ለዚህ መላ የዘየደው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቺካጎ ይኖር የነበረ ቻርልስ መክኒል የተባለ የሒሳብ መምህር ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። መላውም የሚከተለው ነው። ብርቱው ቡድን ከሚያስቆጥረው ላይ የተወሰነ ነጥብ ለውርርዱ ሲባል ይቀነሳል፤ ወይም ለደካማው ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ማን ያሸንፋል?» መሆኑ ቀርቶ «በስንት ይበልጣል?» ይሆናል።

ምሳሌ እንስጥ። ቡድን ሀ −6.5፣ ቡድን ለ +6.5 ተብሎ ተጽፏል። ጨዋታው 78 ለ70 ቢያልቅ ብልጫው 8 ነው፤ ከ6.5 ስለሚበልጥ በቡድን ሀ ላይ ያስያዘ ያሸንፋል። ጨዋታው 78 ለ73 ቢያልቅ ግን ብልጫው 5 ብቻ ነው። ቡድን ሀ ሜዳ ላይ አሸንፏል፤ በእርሱ ላይ ያስያዘው ሰው ገንዘብ ግን ተበልቷል። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው ከዚህ ላይ ነው። ግማሽ ነጥብ በቅርጫት ኳስ አይቆጠርም፤ የተጨመረው ውጤቱ በትክክል ማካካሻው ላይ እንዳያርፍ ነው። ማካካሻው ሙሉ ቁጥር ሆኖ፣ 6 ይበል፣ ብልጫውም 6 ቢሆን ማንም አይበላም፤ የተያዘው ገንዘብ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ስያሜውን በተመለከተ ረቂቁ «የነጥብ ልዩነት» ብሎት ነበር። ይህ አይሆንም፤ ልዩነት በጨዋታው መጨረሻ የሚታየው እውነተኛ ብልጫ ነውና ሁለቱ ይምታታሉ። ምሳሌ እንዲሆነን እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2018 በአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌጆች ውድድር የተደረገውን ግጥሚያ እናስታውስ። ከምድቡ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አሥራ ስድስተኛ ደረጃ ከተሰጠው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ጋር ገጠመ። ከዚያ ቀን በፊት በወንዶቹ ውድድር በዚህ ዓይነት ግጥሚያ አሥራ ስድስተኞቹ 135 ጊዜ ተጫውተው 135 ጊዜ ተሸንፈዋል። ለቨርጂኒያ የተቆረጠበት ማካካሻ 20.5 ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ የነጥቡ ልዩነት 20 ሆነ፤ ነገር ግን ያሸነፈው ባልቲሞር ነው፤ 74 ለ54። እንግዲህ «ልዩነቱ 20.5 ነበር፤ ልዩነቱ 20 ሆነ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ የዚያን ቀን ጉድ እንዴት አድርጎ ሊነግረን ይችላል?

«የነጥብ ምርቃት» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። የገበያው ሰው ስፍሩ ካለቀ በኋላ «መርቁልኝ» ብሎ የሚያስጨምረውን እፍኝ ስለሚያስታውስ ለዛ አለው። ይሁን እንጂ ምርቃት ከሻጩ ቸርነት የሚመጣ ነው፤ እዚህ ያለው ጭማሪ ግን ሁለቱን ወገኖች ለማስተካከል የታሰበ ስሌት ነው። ስለሆነም «የነጥብ ማካካሻ» የሚለውን መርጠናል፤ «ምርቃት» ግን በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ለማብራሪያ ቢጠቀስ መልካም ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ተደምሮ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ወይም በታች መሆኑን የሚመለከተው ነው። ለምሳሌ መስመሩ 145.5 ከሆነ፣ ጨዋታውም 78 ለ70 ካለቀ፣ ድምሩ 148 ስለሆነ «በላይ» ያለው ያሸንፋል። ይህ «የድምር ነጥብ ውርርድ» ቢባል ምንም ችግር የለበትም።

ማካካሻ አንድ አደገኛ በር መክፈቱን ሳንጠቅስ አናልፍም። ተጫዋች ጉቦ ተቀብሎ ቡድኑን ሳያሸንፍ ቢቀር ወዲያው ይታወቅበታል፤ ቡድኑ እያሸነፈ ብልጫውን ጥቂት ዝቅ ቢያደርግ ግን ማን ያውቅበታል? የኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሁለቱን ታላላቅ ብሔራዊ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1951 ከዚሁ ኮሌጅና ከሌሎች ኮሌጆች የተወሰኑ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ እየተቀበሉ ብልጫን ያሳንሱ እንደ ነበር ታወቀ፤ የብዙ ወጣቶችም የስፖርት ሕይወት በዚያው ተቀጨ። ለዚህ ተግባር «ነጥብ ሸረፋ» የሚለውን እናቀርባለን። የተሸረፈ ሸክላ አልተሰበረም፤ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ጫፉ ግን ጎድሏል። ቃሉ ድርጊቱን ሳያጋንንም ሳያሳንስም ይገልጸዋል።

6. የቤቱ ድርሻና ድርብርቡ ትኬት

በማካካሻ ውርርድ ሁለቱም ወገን የሚሰጠው የተለመደ ተመን 1.91 ያህል ነው፤ በአሜሪካ አጻጻፍ −110። ማለትም መቶ ለማትረፍ 110 ማስያዝ ግድ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተቆረጠ ማካካሻ ነገሩን ሳንቲም አሽከርክሮ እንደ መጣል ያደርገዋል፤ ከመቶ ሃምሳ። እንዲህ ከሆነ ትክክለኛው ተመን 2.00 መሆን ነበረበት። በ2.00 እና በ1.91 መካከል ያለው ዘጠኝ ሳንቲም «የቤቱ ድርሻ» ነው። ከዚህ የተነሣ ተወራራጁ ሳይከስር ሳያተርፍ እንኳ ለመቆየት ከመቶ ውርርድ ከ52 በላይ ማሸነፍ ይጠበቅበታል።

ዘጠኝ ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በአገራችን ብዙ ሰው የሚቆርጠው የአንድ ግጥሚያ ትኬት ሳይሆን አምስት፣ አሥር ግጥሚያ የተደረደረበት ነው። ሁሉም ከሠመሩ ተመኖቹ እርስ በርስ ይባዛሉ፤ አንዱ ካልሠመረ ሁሉም ይበላል። አምስት ግጥሚያዎችን እያንዳንዳቸውን በ1.91 ብንደረድር 1.91 አምስት ጊዜ ተባዝቶ 25.42 ይሆናል። መቶ ብር ያስያዘ 2,542 ብር ይጠብቃል። አምስት ሳንቲሞች በአንድነት ተጥለው ሁሉም አስቀድሞ በተመረጠው ፊት የማረፋቸው ዕድል ግን ከሠላሳ ሁለት አንድ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ክፍያ 3,200 ብር መሆን ነበረበት። የቤቱ ድርሻ በአንድ ግጥሚያ ከመቶ 4.5 ብቻ የነበረው በአምስቱ ከመቶ 20 በላይ ሆነ። ተመኖች ሲባዙ ድርሻውም አብሮ ይባዛል። ይህን የሚነግር ትኬት የለም፤ በትኬቱ ላይ በጉልህ የሚጻፈው 2,542 የሚለው ነው። ከዚህ ሌላ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ፣ ከአንድ ሺህ ብር በማያንስ ገቢ ላይ አሥራ አምስት በመቶ ግብር ደንግጎ እንደ ነበር ተርጓሚው በግርጌ ማስታወሻ ቢጠቁም አይከፋም።

ለዚህ ዓይነቱ «ድርብርብ ትኬት» የሚለውን ስያሜ እንጠቁማለን። ድርብርብ ሸክም እንደሚከብድ ሁሉ ድርብርብ ትኬትም መክበዱን ቃሉ በራሱ ያስታውሳል።

7. አወራራጅ ወይስ ተወራራጅ?

በመጨረሻ የድርጅቱን ስም እንመልከት። አንዳንዶች «አወራራጅ ድርጅት» ይላሉ። በአማርኛ የግሥ ሥርዓት «አ-» ወይም «አስ-» የእርስ በርስ ድርጊትን በሚያመለክት ግሥ ላይ ሲመጣ በሁለት ሌሎች ሰዎች መካከል የሚገባ ሦስተኛ ወገንን ያመለክታል፤ አስታራቂ፣ አጋቢ፣ አደራዳሪ እንደምንለው። አስታራቂ ከጠበኞቹ አንዱ አይደለም። እንዲሁ በቀድሞው ችሎት አወራራጅ ሊባል የሚገባው በመካከል የቆመው ዳኛ ነበር።

የዛሬው ድርጅት ግን እንደዚህ አይደለም። ትኬት የቆረጠ ሰው የተወራረደው ከሌላ ደንበኛ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከድርጅቱ ጋር ነው። ተመኑን የሚቆርጠው ድርጅቱ ነው፤ ገንዘቡን የሚይዘው ድርጅቱ ነው፤ ተቃራኒውን ወገን ሆኖ የሚቆመውም ድርጅቱ ነው። ዳኛም ተሟጋችም ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ «አወራራጅ» የሚለው ቃል ሰዋስዋዊ ውበት ቢኖረውም ያልሆነውን ገለልተኛነት ለድርጅቱ ያላብሰዋል። በጋዜጦች የተለመደው «አቋማሪ ድርጅት» ያው የግሥ ቅርጽ ቢኖረውም በውስጡ ያለው «ቁማር» የሚለው ቃል ሰውየውን ስለሚያስጠነቅቅ ከሁለቱ ይሻላል። ለትክክለኛ ትርጉም በሚያስፈልግበት ቦታ «ተመን ቆራጭ» ማለትም ይቻላል።

8. የቀረቡት ስያሜዎች

ተመን (የውርርድ ተመን)፦ አቋማሪው ለአንድ ውጤት የሚቆርጠው፣ ግምትንና የቤቱን ትርፍ አጠቃሎ የያዘ የክፍያ ልክ። በንግግር «ኦድ»።

ተመኑ ያዘለው ዕድል፦ መቶ ለተመኑ ሲካፈል የሚገኘው ከመቶ የተሰላ የመሆን ዕድል።

ባለግምት፦ ያሸንፋል የሚል ቅድመ ግምት የተሰጠው ቡድን፤ ተመኑ ዝቅተኛ ነው።

የአሸናፊ ውርርድ፦ ያለ ማካካሻ በአሸናፊው ማንነት ላይ ብቻ የሚደረግ ውርርድ።

የነጥብ ማካካሻ፦ የሁለት ቡድኖችን አቅም ለውርርድ ሲባል ለማስተካከል ከብርቱው የሚቀነስ ወይም ለደካማው የሚጨመር ነጥብ።

የድምር ነጥብ ውርርድ፦ የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ድምር ከተወሰነ መስመር በላይ ወይም በታች ይሆናል ተብሎ የሚደረግ ውርርድ።

የቤቱ ድርሻ፦ በተመኖቹ ውስጥ የተሰወረው የአቋማሪው ትርፍ።

ድርብርብ ትኬት፦ የብዙ ግጥሚያዎች ተመን ተባዝቶ የሚከፈልበት፣ አንዱ ካልሠመረ ሁሉም የሚበላበት ትኬት።

ነጥብ ሸረፋ፦ ተጫዋች በጥቅም ተገዝቶ የቡድኑን ብልጫ ሆን ብሎ ማሳነሱ።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎች ለውይይት እንጂ ለውሳኔ አይደሉም። አንድ ነጥብ ግን አበክረን ለማሳሰብ እንወዳለን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 በስፖርት ውርርድ ላይ ያወጣችውን የፌዴራል ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2018 ከሻረው ወዲህ የጀማሪዎች መምሪያ በብዛት ይጻፋል፤ የሚጻፈውም በአብዛኛው ደንበኛ በሚፈልጉ ወገኖች ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ሳያውቀው የማስታወቂያ ሠራተኛ ይሆናል። ትክክለኛውን ቃል የመረጠ ተርጓሚ ግን አንድም የምክር ቃል ሳይጨምር አንባቢውን ይጠብቀዋል።

ከከላላ ወጥቶ በመካነ ሰላም የሚማረው ወጣት «ዕድሌ 25 ነው» ብሎ ሲያስብና «ተመኑ 25 ነው» ብሎ ሲያስብ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ቃል ነው። በመጀመሪያው ዕድሉን ይጠብቃል። በሁለተኛው ማን እንደ ተመነው ይጠይቃል። አንባቢያን በየአካባቢያቸው የሚሰሟቸውን ሌሎች የውርርድ ቃላት ከነአገባባቸው ቢልኩልን ለመዝገበ ቃላቱ ሥራ ታላቅ እገዛ ይሆናል።